«የማን ልጅ ነሽ?»

ጋዜጠኝነት የተመረቀች ሴት ስለ ፕሮግራሚንግ ምን አገባት ለምትሉ፦ ቋንቋ ስለሆነ አገባኝ። ሰዋስው ያለው ነገር ሁሉ ያገባኛል።

በአማርኛ «ተነስታ፣ ታጥባ፣ ለብሳ ወጣች» ሲባል ማን እንደታጠበች፣ ማን እንደለበሰች ደጋግመን አንጠይቅም። እያንዳንዱ ግስ ባለቤቷን ይዞ ለቀጣዩ ያቀብላል። ፕሮግራመሮችም እንዲህ መጻፍ ይወዳሉ። አንዱ ሜተድ ሥራውን ሲጨርስ ያንኑ ኦብጀክት ይመልሳል፤ ቀጣዩ ከዚያው ይቀጥላል። ማርቲን ፋውለርና ኤሪክ ኢቫንስ በ2005 እ.ኤ.አ. «ፍሉዌንት ኢንተርፌስ» ብለው ስም አወጡለት።

ጣጣው ውርስ ሲገባበት ነው። «ዘገባ» የሚባል ክላስ አለን እንበል፤ «ርዕስ» የሚል ሜተድ አለው። «የስፖርት ዘገባ» ከእሱ ይወርስና የራሱን «ውጤት» የሚል ሜተድ ይጨምራል። ታዲያ «ርዕስ» ምን ይመልሳል ብለን እንጻፍ? ፒኤችፒ 7 በ2015 ሲወጣ «ሴልፍ» ብሎ መጻፍ ፈቀደ (የታክሲው ሰልፍ አይደለም)። ቃሉ «ራሴን» የሚል ይመስላል፤ የሚያመለክተው ግን ሜተዱ የተጻፈበትን ክላስ፣ ማለትም አባትየውን ነው። ስለዚህ የስፖርት ዘገባችን ርዕስ ከተሰጠው በኋላ በወረቀት ላይ ተራ «ዘገባ» ሆኖ ይቀራል። ፕሮግራሙ ይሠራል። ኮዱን የሚመረምረው መሣሪያ ግን «ውጤት የሚባል ነገር እዚህ የለም» ብሎ ይሟገታል።

ስሜቱን አውቀዋለሁ። ለልምምድ በወጣሁበት ጊዜ፣ መግለጫ በሄድኩ ቁጥር በር ላይ ስሜን እናገራለሁ፤ ከገባሁ በኋላ ግን «የሬዲዮ ልጅ» ነኝ። ውሸት አይደለም፣ ከሬዲዮ ነው የመጣሁት። ግን የጤና ዘጋቢ መሆኔ፣ ምን መጠየቅ እንደምችል፣ ከዚያ ስም ውስጥ የለም።

የፒኤችፒ ሰዎች ለዓመታት እውነቱን በኮሜንት ሲጽፉ ኖሩ። ኮሜንት የቃል ስምምነት ነው፤ ቢፈርስ ቋንቋው ማንንም አይጠይቅም። በኋላ ኒኪታ ፖፖቭ «ስታቲክ» የሚለው ቃል እንደ መመለሻ ዓይነት እንዲጻፍ ሐሳብ አቀረበ፤ ኅዳር 2013 ዓ.ም. (ኖቬምበር 2020) ከፒኤችፒ 8.0 ጋር ወጣ። ትርጉሙ «የተጠራው ልጅ ማንም ይሁን፣ የእሱን ዓይነት እመልሳለሁ» ነው።

«የእሱን ዓይነት» ማለት «እሱኑ» ማለት አይደለም። አንዳንድ ሜተድ ዋናውን ሳይነካ የተሻሻለ ቅጂ ይመልሳል፤ ቅጂው ዓይነቱ ያው ነው፣ ኦብጀክቱ ግን ሌላ ነው። «ስታቲክ» ስለ ዓይነቱ ብቻ ቃል ይገባል። ከምታውቀው በላይ አትጻፍ የሚለውን የዜና ክፍል ሕግ አስታወሰኝ።

ፓይተን በበኩሉ በ2022 በ3.11 እትሙ «ሴልፍ» የሚል ዓይነት አስገባ። እዚያ ግን «ሴልፍ» ሲባል አባትየውን ሳይሆን ልጁን ነው። ቃሉ አንድ፣ ትርጉሙ ለየቅል!

ለአንዲት ቃል ይህን ያህል መከራከር ቅንጦት የሚመስለው ካላችሁ፣ አንድ ቀን ሙሉ «የእገሌ ልጅ» እየተባለ ይዋልና እናወራለን።