ባዶው ስልቻ

መካነ ሰላም ያለው ቤታችን ከወፍጮ ቤት ጋር ጎረቤት ነው። ሞተሩ ድንገት ሲነሳ ታናሽ ወንድሜ ጆሮውን ይዞ ይጮኻል፤ ጩኸቱ አላዋጣው ሲል ግንባሩን ከግድግዳ ጋር ያጋጫል። ያን ጊዜ አሥር ዓመቱ ነበር፤ ቃል አይወጣውም። ውሃ ሲጠማው እጄን ይዞ ወደ እንስራው ይጎትተኛል፤ ፊቴን ግን አያይም።

መቼም ጎረቤት ስም አያጣም። አንዱ «ዛር ነው» ይላል፤ ሌላው «የመይሳው ቁጣ ነው፤ መቅደላ ሩቅ መሰላችሁ?» እያለ ይቀልዳል። ጠበሉም ዱአውም ተሞከረ። የከፋው ግን ነገሩ ዞሮ ዞሮ እናቴ ላይ መውደቁ ነበር፤ «ምን በድላ ይሆን?» ለነገሩ ይህ የእኛ አገር ነውር ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ስመ ጥር የባሕር ማዶ ሐኪሞችም ኦቲዝምን የሚያመጣው የእናት ፍቅር መቀዝቀዝ ነው ይሉ ነበር።

እኔስ? አንድ ቀን ግንባሩ ሲደማ ትዕግሥቴ አለቀና የእናቴን መቀነት ከተሰቀለበት አውርጄ ከምሰሶው ጋር አሰርኩት። ዝም አለ። ዝምታውን እንደ ድል ቆጠርኩት። እናቴ ገብታ አየች፤ አንዲት ቃል ሳትናገረኝ መቀነቱን ፈታ ወገቧ ላይ አሰረችው። ያን ያህል የተቆጣችኝን ቀን አላስታውስም።

አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ የወይዘሮ ዘሚ የኑስን ታሪክ ሰማሁ። ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ናቸው፤ የውበት ሙያ ትምህርት ቤት ከፍተው ሲያስተምሩ ኖረው በ1994 ዓ.ም. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። «አቡጊዳ ፎነቲክስ» ያሉት ዘዴያቸው በፊደላችን ድምፆች ልጆቹን ወደ ንግግር የሚያስጠጋ ነው። በ2013 ዓ.ም. በሞት ተለዩን። ጠባይ ያልኩት ነገር መናገሪያ ማጣት መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ።

ለክረምት አገሬ ስገባ እናቴን ላስተምራት ተዘጋጅቼ ነበር (የከተማ ሰው አይደለሁ!)። ገና ቡናው ሳይፈላ የባለወፍጮው ልጅ መጥታ አጥራችን ላይ ባዶ ስልቻ ሰቀለች። ወንድሜ አየው፤ ተነስቶ ጋቢ ተከናንቦ ጓዳ ገባ።

«ምንድን ነው?» አልኳት እናቴን።

«የሚጠላው ድንገቱን ነው፤ ሳያውቅ ሲመጣበት። ባለወፍጮውን ለመንኩት፤ እሺ አለኝ።»

ሁልጊዜ አይሳካም፤ ስልቻው የተረሳ ዕለት ግንባሩ ዛሬም ያብጣል። ያን ቀን ግን ተከትዬው ገባሁ። ሞተሩ ሲነሳ ጋቢውን ገለጥ አድርጎ እጄን ያዘና ወስዶ ጆሮው ላይ አኖረው።