በሻርሎት ስለ ነበረው የአፈር መሮጫ ሜዳ

በሰሜን አሜሪካ፣ በሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ ከሻርሎት ከተማ አጠገብ፣ ዙሪያው ሦስት ሩብ ማይል የሆነ የአውቶሞቢል መሮጫ ሜዳ ነበረ። መንገዱ አስፋልት ያልለበሰ አፈር ነበር። የሜዳው ዕድሜ 10 ዓመት እንኳ አልሞላም፤ ነገር ግን አባቶች ለልጆቻቸው ሊነግሩት የሚገባ አንድ ፍርድ ተፈርዶበታል።

ናስካር የተባለው የእሽቅድምድም ማኅበር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1948 ዓ. ም. ተቋቋመ። በሚከተለው ዓመት፣ ማለት በ1949 ዓ. ም. ጁን 19 ቀን፣ በዚሁ ሜዳ አዲስ ዓይነት ውድድር አደረገ። ሕጉም አውቶሞቢሉ ከፋብሪካ እንደ ወጣ እንጂ ተለውጦ እንዳይገባ የሚል ነበር። 33 ነጂዎች 200 ዙር ሊሮጡ ተሰለፉ። የሊ ፔቲ ቢዊክ በመንገድ ተገለበጠ፤ ግሌን ደናዌይ ግን በፎርድ ተቀምጦ ሁሉን ቀድሞ ገባ።

ከዚህ በኋላ መርማሪዎች ፎርዱን ቢፈትሹት የኋላ ባሌስትራው ተለውጦ ተገኘ። በዚያ አገር በስውር የተጠመቀ አረቄ የሚያመላልሱ ሰዎች፣ መኪናቸው ጭነት ችሎ በጠማማ መንገድ እንዲፈጥን እንዲህ ያደርጉ ነበር። ስለዚህ የደናዌይ ድል ተሻረ፤ ከካንሳስ መጥቶ በሊንከን የሮጠው ጂም ሮፐር አሸናፊ ተብሎ 2,000 ዶላር ተቀበለ። የፎርዱ ባለቤትም ማኅበሩን በፍርድ ቤት ከሰሰ፤ ዳኛው ግን ክሱን ሰረዘ።

ሮፐር ከዚያ ወዲህ በዚህ ማኅበር ውድድር የሮጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። መኪናው የተገለበጠበት ፔቲ ግን ኋላ ሦስት ጊዜ የዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ። የሰው ዕድል በአንድ ቀን ውሎ አይለካም።

ደናዌይ የመኪናው ነጂ እንጂ ባለቤት አልነበረም፤ ስለዚህ እናዝንለታለን። ነገር ግን ዳኞች የሚጠየቁት ማን ቀደመ ተብለው ብቻ አይደለም፤ በምን ቀደመም ይባላሉ። ሕጉ በመጀመሪያው ቀን ለአዘኔታ ቢታጠፍ ኖሮ፣ በሁለተኛው ቀን ማን ያከብረው ነበር?

ከ1956 ዓ. ም. በኋላ የማኅበሩ ውድድር ከዚያ ሜዳ ቀረ፤ ዛሬም መሮጫው የለም። ፍርዱ ግን በመዝገብ ጸንቶ ይኖራል።