ከአዲስ አበባ ወደ ሆሳዕና፦ ጓዝ ጠቅልሎ የመሄድ ስሌት

በዓለም ገና፣ በመልካ ቁንጡሬ፣ በጢያና በቡታጅራ አልፎ ሆሳዕና የሚያደርሰው መንገድ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሥራ ፍለጋ በዚህ መንገድ ወደ አዲስ አበባ የወጣው የሐዲያ፣ የከምባታ፣ የስልጤና የጉራጌ ልጅ ብዙ ነው። ዛሬ በዚያው መንገድ ጓዙን ጭኖ የሚወርድም አለ፦ ኪራይ የደመወዙን ግማሽ የሚበላበት ሠራተኛ፣ ሰፈሩ በኮሪደር ልማት ተነስቶ ቤት የሚያፈላልግ ተከራይ፣ ጡረታ ወጥቶ ወደ ትውልድ ቀዬው የሚመለስ አባወራ። ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ እዚያ ኑሮ ምን ያህል ይረክሳል?

መልሱ እንደ ዕቃው ይለያያል። የመብራት ታሪፍ በመላ አገሪቱ አንድ ነው። የስልክና የኢንተርኔት ጥቅልም እንደዚሁ። የነዳጅ ዋጋን መንግሥት ስለሚተምን ልዩነቱ የማጓጓዣ ነው። ዘይት፣ ሳሙና፣ መድኃኒትና ማንኛውም ከውጭ የሚገባ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው አዲስ አበባን አቋርጦ በመሆኑ የጭነት ሒሳቡን ተሸክሞ ይደርሳል። በእርግጥ የሚቀንሰው የቤት ኪራይ፣ የከተማ ውስጥ ትራንስፖርትና ከአካባቢው ማሳ የሚወጣው ምግብ ነው፤ ቆጮ፣ ድንች፣ ጎመን፣ ስንዴ፣ ወተት። ጤፍ በሐዲያም ቢዘራ ዋጋው የአገሪቱን ገበያ ተከትሎ ይወጣል ይወርዳል። ስለዚህ በቀን ሦስቴ እንጀራ የሚበላ ቤተሰብ ቆጮን ከለመደ ቤተሰብ ያነሰ ይቆጥባል። አገሩ የእንሰት አገር ነው፤ ማዕዱን ከእንሰት ጋር ያስማማ ቤተሰብ በወር መጨረሻ ልዩነቱን በግልጽ ያያል።

ከወጪው በፊት ግን ገቢው መታየት አለበት። ብዙ ሰው እቅዱን በኪራይ ልዩነት ይጀምርና እዚያው ይጨርሳል፤ ትልቁ ጉድለት ያለው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ለማስላት ያህል ብቻ የተወሰዱ ቁጥሮችን እንጠቀም። አንድ ቤተሰብ አዲስ አበባ 12,000 ብር ኪራይ ይከፍላል እንበል፤ ሆሳዕና ላይ ተመጣጣኝ ቤት በ6,000 ብር አገኘ። በወር 6,000 ብር ይተርፈዋል። ለመኪናና ለጫኝ 30,000፣ ቤት ለማየትና ቤተሰቡን ለማጓጓዝ 8,000፣ ለደላላ፣ ለቁልፍ፣ ለመጋረጃና ለመሳሰለው 10,000 ብር ቢያወጣ ድምሩ 48,000 ብር ነው። ገቢው ካልተነካ ይህን በ8 ወር ይመልሰዋል። ገቢው በወር 4,000 ብር ከቀነሰ ግን የሚተርፈው 2,000 ብር ብቻ ነው፤ ወጪውን ለመመለስ 24 ወር፣ ማለትም ሙሉ ሁለት ዓመት ይፈጅበታል። ገቢው ከ6,000 ብር በላይ ከቀነሰ ደግሞ ርካሽ የተባለው ከተማ ከአዲስ አበባ ይብሳል።

ስለሆነም መጀመሪያ መለየት ያለበት ገቢው ከየት እንደሚመጣ ነው። ጡረታ፣ ከውጭ የሚላክ ገንዘብ ወይም አዲስ አበባ ያለ ቤት ኪራይ ከሰውየው ጋር ይጓዛል፤ እንዲህ ያለ ገቢ ያለው ሰው ስሌቱ ይቀልለታል። የሱቅ ደንበኛ አብሮ አይጓዝም። ሸማኔው፣ ልብስ ሰፊው፣ የሞባይል ጠጋኙ አዲስ ደንበኛ እስኪያፈራ ብዙ ወራት ያልፋሉ። በዝውውር የሚሄድ የመንግሥት ሠራተኛ የደመወዝ እርከኑን ይዞ ቢሄድም አንድ ሌላ ነገር ማሰብ ይኖርበታል። ባለፉት ዓመታት በሐዲያና በከምባታ አካባቢዎች የመምህራንና የሌሎች ሠራተኞች ደመወዝ እየዘገየና እየተቆራረጠ መከፈሉ በይፋ ሲነገር የቆየ ጉዳይ ነው። ደመወዝ ቢዘገይ የሦስት ወር አስቤዛና ኪራይ የሚሸፍን ጥሪት ሳይያዝ መነሳት ልጆችን ለችግር ማጋለጥ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ከተማውን መምረጥ ነው፤ ሆሳዕና ደግሞ ሰው እንደሚያስበው ርካሽ ላይሆን ይችላል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዋ 70,000 ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶ ተማሪና መምህር ቤት ተከራዩ። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሆሳዕና የርዕሰ መስተዳድሩ መቀመጫ ሆነች፤ አንዳንድ ቢሮዎች ለሌሎች የክልሉ ከተሞች ቢከፋፈሉም ወደ ሆሳዕና የመጣው ባለሥልጣንና ባለሙያ ጥቂት አይደለም፤ ሁሉም ቤት ይፈልጋል።

ከሁሉም በላይ የከተማዋን የቤትና የቦታ ዋጋ ያናረው ከደቡብ አፍሪካ የሚላከው ገንዘብ ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የሐዲያና የከምባታ ወጣቶች በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ በኩል ወደዚያ መጉረፍ ጀመሩ፤ ብዙዎች በየመንገዱ ቀርተዋል፣ የደረሱትም በጥቁሮች መንደር ሱቅ ከፍተው በዝርፊያና በጥላቻ መካከል ሠርተዋል። የሆሳዕናን ዋና ዋና ጎዳናዎች የሞሉት ፎቆች የተሠሩት በአብዛኛው በዚህ ገንዘብ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ ለሚላክለት ቤተሰብ ያው ገንዘብ በብር ሲመነዘር በዛ፤ በብር ደመወዝ ለሚኖረው ተከራይ ግን ከዚያ ቤተሰብ ጋር በአንድ ገበያ መወዳደር ከበደ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ይህን ሳያውቅ የሚይዘው በጀት ከሆሳዕና መሃል ሲደርስ አይበቃውም።

ኪራዩ የሚቀንሰው ከዋናው አስፋልት ራቅ ባሉ ሰፈሮች፣ ከዚያም በዙሪያው ባሉ ከተሞች ነው። ዱራሜ የከምባታ ዞን ዋና ከተማ ነች፤ ሆስፒታልና የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አላት፤ ብርዷ ከሆሳዕና ቀለል ይላል። የከምባታው ሐምበርቾ ተራራ 3,058 ሜትር ከፍታ አለው፤ 777 ደረጃዎች ተሠርተውለት ጎብኚ መሳብ ከጀመረ ወዲህ በዙሪያው አነስተኛ ንግድ እየተከፈተ ነው። ሾኔ ከሃላባ ቁሊቶ ወደ ሶዶ በሚሄደው አውራ ጎዳና ላይ ስለሆነች ለነጋዴ ትመቻለች። ዶዮገና በበጓ የታወቀች፣ ከሆሳዕና ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ደጋ ነች። አንጋጫ፣ ሺንሺቾና ሆመቾም አነስተኛ ከተሞች ናቸው። ከተማው ሲያንስ ኪራይ ይረክሳል፤ ሆኖም የልዩ ሐኪም ቀጠሮና አንዳንድ የባንክ ጉዳይ ሰውን ወደ ሆሳዕና ይመልሱታል። በወር ሁለት ሦስቴ የሚመላለስ ሰው የሚኒባሱን ሒሳብ ኪራዩ ላይ መደመር አለበት። የረጅም ጊዜ ሕክምና የሚከታተል ሰው በቤተሰቡ ካለ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል የማይርቅ የሆሳዕና ቤት በኪራይ ቢወደድም ይሻላል።

ቤቱ በስልክ ፎቶ መታየት የለበትም። አንድ ሰው ቀድሞ ሄዶ ቢያንስ አንድ ሌሊት ማደር አለበት፤ የውሃና የመብራት ነገር የሚታወቀው በመሸ ጊዜ ነው። በሆሳዕና ያየሁት አንድ የሰርቪስ ቤት ጥሩ ምሳሌ ነው። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ አዲስ፤ ሲታይ ንጹሕ ነው። ግቢው ውስጥ አንድ ሮቶ ቆሟል፤ ቧንቧው ግን የተቀጠለው ለባለቤቱ ቤት ብቻ ነው፤ ተከራዮቹ በጀሪካን ይቀዳሉ። ቆጣሪው አንድ ስለሆነ ሒሳቡ በአምፖል ቁጥር ይከፋፈላል፤ ምጣድ የሚጠቀም ተከራይ ለብቻው ይጨምራል። የመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ የተንጠለጠለው በአከራዩ በረንዳ ላይ ነው። እነዚህን አንድ በአንድ ጠይቆ፣ ውሃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ከጎረቤት አጣርቶ፣ ከዚያ ስለ ዋጋ መነጋገር ይገባል። ቤቱ 6,000 ብር ሆኖ ውሃ በባጃጅ የሚገዛ ከሆነ 6,000 ብር አይደለም።

ስለ ኪራይ ውል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው። በአዋጁ መሠረት ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፤ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይፈጸማል። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ በየትኞቹ ከተሞች እንደሚሠራበት የሚወስኑት ክልሎች ስለሆኑ ተከራዩ በሚሄድበት ከተማ አስተዳደር መጠየቅ አለበት። አዋጁ ቢሠራበትም ባይሠራበትም የተጻፈና ምስክር ያለው ውል ያስፈልጋል። ስድስት ወር ቅድሚያ የሚጠይቅ አከራይ ካለ የቤተሰቡ የመጠባበቂያ ጥሪት በአንድ ቀን እንደሚያልቅ ማሰብ ነው።

የጭነቱ ወጪ ብዙ ጊዜ ከሚታሰበው ይበልጣል፤ መቀነስም ይቻላል። ከደቡብ እህል፣ ድንችና ባህር ዛፍ ጭኖ አዲስ አበባ የገባ አይሱዙ ሲመለስ ባዶውን እንዳይሄድ ይፈልጋል። እህል በረንዳ ወይም በሀይሌ ጋርመንት የአትክልት ገበያ ጎራ ብሎ ወደ ሆሳዕና የሚመለስ ሹፌር መፈለግ፣ በደላላ በኩል ከአዲስ አበባ ልዩ ኮንትራት ከመያዝ ይረክሳል። ዋጋው ሲቆረጥ ሦስት ነገሮች አብረው ይቆረጣሉ፦ ሸራው የማን እንደሆነ፣ መኪናው እስከ ቤቱ በር ይገባ እንደሆነ፣ ጫኝና አውራጁን የሚከፍለው ማን እንደሆነ። ሦስተኛው ጠብ ያመጣል። ዕቃው ግማሽ ከወረደ በኋላ ዋጋ መነጋገር ሲጀመር አይቻለሁ፤ የሚያሳዝን ነው፤ ልጆች ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ሰዎች ይጨቃጨቃሉ፣ ዝናብ ያንዣብባል። የሰፈሩን የማውረጃ ዋጋ ከአዲሱ ጎረቤት ቀድሞ ጠይቆ ማወቅ ይህን ያስቀራል። ከባድ ቡፌና አሮጌ ሶፋ ጭኖ መውሰድም አያዋጣም፤ አዲስ አበባ ሸጦ፣ ሆሳዕና ከሚሠሩት አናጢዎች መግዛት የተሻለ ነው። ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥንና ምጣድ ግን ይጫኑ።

ወቅቱም ገንዘብ ነው። ትምህርት የሚያልቀው በሰኔ፣ የሚጀመረው በመስከረም ስለሆነ ልጆች ያሉት ቤተሰብ መነሻው ክረምት ነው። የመስቀል ሰሞን ግን መራቅ አለበት። ሐዲያ ያሆዴን፣ ከምባታ መሳላን ለማክበር፣ ጉራጌም ለመስቀል ወደየአገራቸው ሲጎርፉ፣ በመናኸሪያው ወንበር ይጠፋል፤ ታሪፍ ይዘላል፤ የጭነት መኪናም ለበዓል በሬና እህል ይያዛል። የሚሻለው አንድ ሰው በግንቦት ሄዶ ቤትና ትምህርት ቤት አይቶ ተመልሶ፣ ጓዙ በጳጉሜን ወይም በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት እንዲጫን ማድረግ ነው።

የቀረው ወረቀት ነው። ከወረዳ መሸኛ፣ ከትምህርት ቤት መልቀቂያና የውጤት ካርድ፣ ነጋዴ ከሆነ የግብር ክሊራንስ ከመነሳት በፊት ይወጣሉ፤ ለአንድ የጎደለ ማኅተም 230 ኪሎ ሜትር መመለስ ከማንኛውም ኪራይ ይወደዳል። ልጆች ያሏቸው ወላጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በሐዲይኛ ወይም በከምባትኛ እንደሚሰጥ አውቀው፣ በአማርኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤት በከተማው መኖሩን ቀድመው ያረጋግጡ። የግል ትምህርት ቤት ከሆነ ክፍያው በበጀቱ ውስጥ ይግባ። የመንግሥት ቢሮ ሥራ ግን በአማርኛ ስለሚሠራ አዲስ ገቢ ጉዳዩን ለማስፈጸም አይቸገርም።

እድር ለመግባት ብዙ ጊዜ መግቢያ ይከፈላል፤ ዘግይቶ የሚገባ ሰው ደግሞ ያለፉትን ወራት መዋጮ ሊጠየቅ ይችላል። ይህም ከመጀመሪያው ወር ወጪ ጋር ይታሰብ። እቁብ ግን ይቆይ፤ የአዲሱ ገቢ መጠን ከታወቀ በኋላ፣ ከአራት ከአምስት ወር በፊት ባይገባ ይሻላል።