ረጅሙ የትኛው ነው?

ዛሬ በሐሳብ የምንጓዘው ወደ ሰሜን ምሥራቅ አላስካ፣ ሮማንዞፍ ወደሚባሉት ተራሮች ነው። ወደዚያ የሚያደርስ የመኪና መንገድ የለም። በቅርብ ያለችው መንደር ካክቶቪክ ናት፤ የኢኑፒያት ሕዝብ ይኖርባታል። በክረምት ፀሐይ ለሳምንታት አትወጣም። ክረምት ስል የእኛን የዝናብ ወራት ማለቴ አይደለም፤ ብርዱን ነው።

የዚህን አካባቢ ካርታ በወጉ የሠራው አሜሪካዊው ኧርነስት ሌፊንግዌል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1906 እስከ 1914 ድረስ እየተመላለሰ ዘጠኝ በጋና ስድስት ክረምት በዚያ አሳለፈ። መርከቡ በበረዶ ተጎድታ ስትቀር ከእንጨቷ ጎጆ ሠራ። ከዚያች ጎጆ እየተነሣ በውሻ በሚጎተት ተንሸራታችና በትንሽ ጀልባ ሠላሳ ያህል ጉዞ አደረገ፤ ማዕዘን እየለካም ካርታውን አዘጋጀ። አል-ቢሩኒም ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት በናንዳና የተራራን ከፍታ በማዕዘን ለክቶ፣ ከዚያ ተነሥቶ የምድርን ሬድየስ አስልቷል። እኔ የአል-ቢሩኒን ስም በመድረሳ፣ ዘዴውን በሒሳብ ክፍል ነው የሰማሁት። ሁለቱን ለማገናኘት ዓመታት ፈጅቶብኛል!

በ1950ዎቹ የአሜሪካ መንግሥት የካርታ መሥሪያ ቤት አካባቢውን በሁለት የተለያየ መጠን ካርታ አወጣ። ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ካርታ ረጅሙ ተራራ ቻምበርሊን ነው ሲል፣ ሌላው ኢስቶ ነው አለ። ሁለቱም የአንድ መሥሪያ ቤት ማኅተም አለባቸው! ክርክሩ ከሃምሳ ዓመት በላይ ዘለቀ።

በ2014 ማት ኖላን የተባለ ተመራማሪ ከትንሽ አውሮፕላን ተራሮቹን ፎቶግራፍ አንሥቶ ከፍታቸውን አሰላ። እኔን የማረከኝ ግን በዚህ ብቻ አለመርካቱ ነው። ኪት ዴሎሪየ የምትባል የበረዶ ተራራ ወጪ የጂፒኤስ መሣሪያ ይዛ ኢስቶንም ቻምበርሊንንም በእግሯ ወጣች። ኢስቶ 2,735 ሜትር ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛው፣ በክርክሩ ስሙ ያልተነሣው ሀብሊ፣ 2,717 ሜትር ነው። ቻምበርሊን በ2,712 ሜትር ሦስተኛ ወጣ።

የቻምበርሊን አናት ግን ድንጋይ ሳይሆን የበረዶ ግግር ነው። ግግሩ በሟሟ ቁጥር ተራራው ያጥራል። ስለዚህ 2,712ን በሰሌዳ ላይ ስጽፍ ከጎኑ 2014 ብዬ ዓመቱን እጨምራለሁ።