እስያ በማንጎው ጥላ ሥር

ከካልካታ ከተማ በስተ ሰሜን 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ አፈሩ ቀይ፣ የበጋው ሐሩር ብርቱ በሆነበት በቢርብሁም አውራጃ፣ ግድግዳም ጣሪያም የሌላቸው የመማሪያ ክፍሎች አሉ። ተማሪዎቹ ከማንጎ ዛፍ ሥር ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ መምህሩ ወደ ግንዱ ተጠግቶ ያስተምራል። ከዋርካ ጥላ ሥር፣ ከየኔታ ፊት ተቀምጦ ፊደል የቆጠረ ሰው በዚህ ብዙም አይገረም ይሆናል። የሚያስገርመው ሌላ ነው፤ ይኸውም በዚሁ ዛፎች መካከል የቻይና ቤት፣ የጃፓን ቤት፣ የባንግላዴሽ ቤት ተብለው የሚጠሩ ሕንጻዎች መቆማቸውና፣ ግቢው ከመቶ ዓመት በላይ እስያ ስለ ራሷ ስትከራከርበት የኖረ መሆኑ ነው።

ቦታው ሻንቲኒኬታን ይባላል፤ የሰላም ማደሪያ ማለት ነው። በ1863 (ዘመኑ ካልተገለጸ በቀር የሚቆጠረው እንደ አውሮፓውያን ነው) ደቤንድራናት ታጎር ለጸሎትና ለጥሞና መሠረተው፤ ልጁ ራቢንድራናት በ1901 አምስት ልጆች ሰብስቦ ትምህርት ቤት ከፈተበት። ገጣሚው በ1913 የኖቤልን ሽልማት አግኝቶ ስሙ በዓለም ከናኘ በኋላ፣ ዲሴምበር 23 ቀን 1921 ቪሽቫ ብሃራቲ የተባለው የከፍተኛ ትምህርት ተቋም በዚያው ተመረቀ። በ1951 የሕንድ ማዕከላዊ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ በ2023 ደግሞ ሥፍራው በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሠፈረ። የታሪኩ ቅርፊት ይህ ነው፤ ፍሬው ግን ከዚህ ጠለቅ ይላል።

በቅኝ አገዛዙ ዘመን የካልካታ ዩኒቨርሲቲ የተቀረጸው በለንደን አምሳል ነበር። ቤንጋላዊው ተማሪ የእንግሊዝን ነገሥታት በየተራ ሲቆጥር፣ በሰባተኛው መቶ ዓመት ከቻይና ተነሥቶ በረሃና ተራራ አቋርጦ በናላንዳ ገዳም ሊማር የመጣውን ሹዋን ዛንግን የሚያውቀው፣ ካወቀውም፣ በአውሮፓውያን መጻሕፍት በኩል ነበር። ጎረቤት ከጎረቤቱ የሚተዋወቀው በጌታው ቤት በኩል ዞሮ ሆነ። ታጎር ሊሰብረው የተነሣው ይህን ነበር። የሚያስፈግገው ግን፣ በ1921 ለሕንዳውያን ተማሪዎች የቻይንኛና የቲቤትኛን ጥናት የጀመረላቸው ከፓሪስ የመጣው ሊቅ ሲልቫን ሌቪ መሆኑ ነው። የጠፋውን መንገድ የሚያውቅ ሰው በቅርብ ካልተገኘ፣ የሩቁን መጠየቅ ነውር አልነበረም።

በዚያ ግቢ ባህል በክፍል ብቻ የሚነገር ነገር አልነበረም። በ1927 ታጎር ወደ ጃቫ ተጉዞ ሲመለስ፣ በጨርቅ ላይ በሰም ሥዕል እየነደፉ የማቅለም ጥበብ፣ ባቲክ የሚባለው፣ አብሮት መጣ፤ ውሎ ሳያድር የተማሪዎቹ እጅ ሥራ ሆነ። በ1929 ታካጋኪ የተባለ የጁዶ መምህር ከጃፓን ተጠርቶ መጣ፤ ወንዶቹን ብቻ ሳይሆን ሴቶቹንም አሠለጠነ። በዚያ ዘመን የቤንጋል ጨዋ ቤተሰብ ልጃገረድ በአደባባይ ሰው ስትጥል መታየቷ ቀላል ነገር እንዳልነበረ አንባቢ ይገምታል። ከቻይና ጉዞ በኋላ ደግሞ በቻይናዊው ገጣሚ በሹ ጂሞ ስም የተሰየመ የሻይ ማኅበር ተቋቋመ፤ ሰዎች በሻይ ዙሪያ ተሰብስበው ይወያዩ ነበር። ቡና ተፈልቶ ወሬ እስከ ሦስተኛው ስኒ የሚዘልቅበት አገር ሰው የዚህን ማኅበር ጥቅም ለማስረዳት ብዙ ቃል አይፈልግም።

ዳሩ ግን የእስያ አንድነት የሚለው አሳብ እንደ ሻይ ለስላሳ አልነበረም። በ1924 ታጎር ሠዓሊውን ናንዳላል ቦስንና ሌሎች መምህራንን አስከትሎ ቻይና ሲገባ፣ ሊቃውንቱ በክብር ተቀበሉት፤ ስድሳ ሦስተኛ የልደት በዓሉ በቤይጂንግ ሲከበር ሊያንግ ቺቻኦ የቻይና ስም አወጣለት። ከአዳራሹ ውጭ ግን ግራ ዘመም ወጣቶች የተቃውሞ ወረቀት ይበትኑ ነበር። የባዕዳን የጦር መርከብ በወንዞቻቸው ላይ ሲመላለስ ያደጉ ነበሩና፣ የጥንቱን የምሥራቅ መንፈስ የሚያሞግስ ቃል ለእነርሱ የሚያስተኛ መድኃኒት መስሎ ታያቸው፤ የሚሹት ሳይንስና ኃይል ነበር። ታጎር አዝኖ ተመለሰ። በወጣቶቹ መፍረድ ግን አይገባም፤ የተራበ ሰው ስለ ቅድመ አያቶቹ ግብር ሲነገረው የሚሰማውን ነበር የተሰማቸው።

ከዚህ ቅሬታ በኋላ ታን ዩን ሻን ባይመጣ ኖሮ ነገሩ ሁሉ በአሳብ ብቻ በቀረ ነበር። ይህ የሁናን ተወላጅ ወጣት መምህር በ1927 ታጎርን በሲንጋፖር አገኘው፤ በ1928 ሻንቲኒኬታን ገባ። ቻይንኛ ሊያስተምርና ሳንስክሪት ሊማር የመጣው ሰው በዚያው ቀረ። ለቻይና ቤት መሥሪያ ገንዘብና መጽሐፍ ሊለምን ወደ አገሩ ተመላለሰ፤ ኤፕሪል 14 ቀን 1937፣ በቤንጋል የዘመን መለወጫ ዕለት፣ ቺና ብሃቫና ተመረቀ። ጃዋሃርላል ኔህሩ ስለ ታመመ መልእክቱን ያደረሰችው ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያው ግቢ የተማረችው ልጁ ኢንዲራ ነበረች። ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ ጃፓን በቻይና ላይ ሙሉ ጦርነት ከፈተች።

የግቢው ታላቅ ክርክር የመጣው እዚህ ላይ ነው። ዮኔ ኖጉቺ የታጎር ወዳጅ የነበረ፣ በ1935 ሻንቲኒኬታንን የጎበኘ ጃፓናዊ ገጣሚ ነው። በ1938 ክረምት ለታጎር በጻፈው ደብዳቤ ጦርነቱን በእስያ ስም ደገፈው፤ በእርሱ ዓይን ጦርነቱ አዲስ እስያን ለመመሥረት የማይቀር መንገድ ነበር። ታጎር ዕድሜውን ሙሉ የደከመለት ቃል በመድፍ አፍ ተነገረ። ዝም ማለት ይችል ነበር፤ በእንግሊዝ ቀንበር ሥር ለነበሩ ብዙ ሕንዳውያን የጃፓን ብርታት ተስፋ ነበርና፣ ዝምታው ወዳጅ እንጂ ጠላት አያፈራበትም ነበር። እርሱ ግን መለሰ። በሬሳ ክምር ላይ የሚነሣ እስያ የእርሱ እስያ አለመሆኑን ጻፈ፤ ለሚወደው ለጃፓን ሕዝብም ድልን ሳይሆን ጸጸትን ተመኘለት። በዚያን ጊዜ ታን ዩን ሻን የሚኖረው በዚያው ግቢ እንደ ነበር ሲታሰብ፣ ደብዳቤው ከጎረቤት ፊት የተሰጠ የምስክርነት ቃል ይመስላል።

ገጣሚው ይህን ጥንቃቄ የተማረው ከራሱ ስሕተት መሆኑን መናገር ተገቢ ነው፤ ስሕተቱም ኢትዮጵያን የሚነካ ነው። በ1925 ሙሶሊኒ ለቪሽቫ ብሃራቲ ብዙ የጣሊያን መጻሕፍት ስጦታ ላከ፤ ካርሎ ፎርሚኪና ወጣቱ የእስያ ቋንቋዎች ሊቅ ጁሴፔ ቱቺም ሊያስተምሩ መጡ። ስጦታው ለድኻ ተቋም ጸጋ ነበር። በ1926 ታጎር የሙሶሊኒ እንግዳ ሆኖ ሮም ገባ፤ የተናገረውም ምስጋና ለፋሽስት ጋዜጦች ሲሳይ ሆነ። ከጣሊያን ወጥቶ ከሮማን ሮላንና ከስደተኞቹ አፍ እውነቱን ሲሰማ ደነገጠ፤ በዚያው ዓመት በማንቸስተር ጋርዲያን ጋዜጣ ፋሽስትነትን አወገዘ። መጽሐፍ የላከው እጅ በ1928 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ላይ መርዝ ዘነበ። ታጎር «አፍሪካ» የተሰኘውን ግጥሙን በቤንጋልኛ የጻፈው ከዚህ ወረራ በኋላ፣ በፌብሯሪ 1937 ነው። በዚያው ወር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከየካቲት 12 ቀን 1929 ጀምሮ፣ የግራዚያኒ ሰዎች አዲስ አበባን በደም አጠቧት። ግጥሙን የጻፈው ሰው በዚያች ከተማ ምን እየተደገሰ እንደ ነበር አያውቅም።

ታጎር በ1941 ሞተ። ቀደም ብሎ በ1939 መጨረሻ ሠዓሊው ሹ ቤይሆንግ መጥቶ የገጣሚውን መልክ ሣለ፤ ያመጣቸውን ሥዕሎችም በግቢው አሳየ። በ1942 ናንዳላል ቦስ በቻይና ቤት ግድግዳ ላይ ከታጎር ተውኔት የተወሰደ ታሪክ ሣለ። በዚያው ዓመት ተማሪው የነበረው ቢኖድቢሃሪ ሙከርጂ ደግሞ የግቢውን የዕለት ኑሮ በዚያው ሕንጻ ላይ አሠፈረ። የቻይና ገዥ ቺያንግ ካይሼክ በ1942፣ የአብዮታዊቷ ቻይና ጠቅላይ ሚኒስትር ዡ ኤንላይ በ1957 ግቢውን ጎበኙ። እርስ በርሳቸው የተዋጉ ሁለት ወገኖች በየተራቸው እዚያው በክብር መስተናገዳቸው ልብ ሊባል ይገባዋል።

በ1962 መከር ግን ሕንድና ቻይና በሂማላያ ድንበር ላይ ተዋጉ። ጦርነቱ አንድ ወር ብቻ ቆየ፤ ጥሎት የሄደው ጥርጣሬ ግን ለዓመታት ዘለቀ። ሦስት ሺህ ያህል የቻይና ተወላጆች፣ ብዙዎቹ በሕንድ የተወለዱ፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ሳይቀሩ፣ በራጃስታን በሚገኘው የዴኦሊ ማጎሪያ ተዘጉ። ቻይንኛ መማር እንደ ቀድሞው የወዳጅነት ምልክት መሆኑ ቀረ። በሁለቱ አገሮች መካከል ድልድይ ልሁን ብሎ ሠላሳ አራት ዓመት የቆመ ሰው፣ ከሁለቱም ዳር ድንጋይ ሲወረወር ምን እንደሚሰማው የሚያውቀው ታን ዩን ሻን ብቻ ነው። አገር ለቅቆ አልሄደም። የቻይና ቤትም በሩ አልተዘጋም። ሽማግሌው በ1983 በቡድሃ ጋያ አረፈ፤ ያረፈበትም ምድር ከዐሥራ ሦስት መቶ ዓመት በፊት ሹዋን ዛንግ ሊሳለም የመጣበት ነው።

የጃፓን ቤት በ1994፣ የባንግላዴሽ ቤት በ2018 ተከፈቱ። ቢኖድቢሃሪ ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ዓይኑ የማያይ፣ ሌላውም የደከመ ነበር፤ በሃምሳዎቹ ዓመታት ከተደረገለት ቀዶ ሕክምና በኋላ ፈጽሞ ታወረ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ በግቢው ሥዕል የተማረው ሳትያጂት ራይ በ1972 ስለ መምህሩ አጭር ፊልም ሠራ። በዚያው ዓመት ዓይነ ስውሩ ሠዓሊ የሸክላ ጡቦችን በጣቱ እየዳሰሰ፣ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሌላ ትልቅ ሥዕል አሠራ።