ሰሌዳውን ለሁለት የምትከፍለው መስመር

ለጂኦግራፊ መምህራን ወዳጆቼ፣ ማታ ማታ ልጆቻቸውን ለሚያስጠኑ ወላጆችም ጭምር።

የአየር ንብረት ለውጥ መንስኤዎች የሚለው ርዕስ ሲደርስ አብዛኞቻችን ሰሌዳውን ለሁለት እንከፍላለን። በግራ «ተፈጥሯዊ» ብለን እሳተ ገሞራ፣ የፀሐይ ጨረር መዋዠቅ፣ የምድር ምህዋር ለውጥ እንደረድራለን። በቀኝ «ሰው ሠራሽ» ብለን ፋብሪካ፣ መኪና፣ የደን ጭፍጨፋ፣ ከብት። ተማሪው ይገለብጣል፣ ይሸመድዳል፣ «ሦስት ተፈጥሯዊ መንስኤዎችን ጥቀስ» ሲባል ጠቅሶ ሙሉ ማርኩን ይወስዳል። ከክፍል ሲወጣ አስቁማችሁ «ታዲያ ዛሬ ምድርን የሚያሞቃት የትኛው ነው?» ብትሉት ግን «ግማሽ ግማሽ ነው» ይላችኋል። አልፈርድበትም፤ እኩል የተከፈለ ሰሌዳ አሳይተነዋል።

ድርሻው ግን እኩል አይደለም። አይፒሲሲ የሚባለው የመንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንስ ፓነል በ2021 ባወጣው ሪፖርት (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ከ1850–1900 ወዲህ እስከ 2010ሮቹ ድረስ ሰው ያስከተለውን ሙቀት 1.07 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ አድርሶታል። ፀሐይና እሳተ ገሞራ ተደምረው ያመጡት ለውጥ ከ0.1 ዲግሪ አይበልጥም፤ እሱም ወደ መሞቅ ይሁን ወደ መቀዝቀዝ አይለይም፣ ዜሮ ዙሪያ ነው።

እንዲህ ከሆነ የግራውን ዓምድ ለምን አናጠፋውም የሚል ይኖራል። እኔ ደግሞ ከሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነው፣ ምክንያቱም የአገራችን መልክዓ ምድር በእሱ ተጽፏል። ከሞጆ ወደ ሻሸመኔ ስትወርዱ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ የሚባሉ አራት ሐይቆች አሉ። ከዛሬ አሥር ሺህ ዓመት ገደማ በፊት አራቱም አንድ ሐይቅ ነበሩ። ውኃው ዛሬ ሻላ ካለበት ከፍታ ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይቆም ነበር፤ ሞልቶ ሲተርፍም ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። የጥንቱ ዳርቻ ምልክት፣ የሐይቅ ቀንድ አውጣ ቅርፊትና ነጭ ደለል ዛሬ ከውኃው ርቆ ደረቅ መሬት ላይ ይገኛል።

ያን ሁሉ ዝናብ ማን አመጣው? ያኔ ፋብሪካ የለ፣ መኪና የለ። ምድር ፀሐይን ስትዞር ርቀቷ ዓመቱን ሙሉ እኩል አይደለም። በዘመናችን ለፀሐይ ይበልጥ የምትቀርበው በገና ሰሞን ነው። በዚያ ዘመን ግን የምትቀርበው በእኛ ክረምት ወራት ነበር። ስለዚህ ሰሜናዊው የምድር ክፍል በእነዚያ ወራት አብዝቶ ይሞቅና ዝናብ አዘሉን ነፋስ ከውቅያኖስ አብዝቶ ይስብ ነበር። ሰሃራ እንኳ ሣርና ሐይቅ ነበረው። ይህ ዑደት አንድ ዙር ለመጨረስ ከ20 ሺህ ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ተማሪው ይህን ቁጥር ከያዘ በኋላ በመቶ ሃምሳ ዓመት ውስጥ ከአንድ ዲግሪ በላይ የሞቀችን ምድር ስታሳዩት «ይሄማ ያ አይሆንም፣ ፈጠነ» ብሎ ራሱ ይናገራል። በ«ተፈጥሯዊ» ዓምድ ሥር «የምህዋር ለውጥ» ብሎ መጻፍ ብቻውን ይህን አያስተምረውም።

እሳተ ገሞራውም እንዲሁ ነው። በኅዳር 2025 አፋር ውስጥ ሀይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ በየመንና በኦማን በኩል እስከ ህንድ ሰማይ ሲደርስ፣ «ቲቸር፣ የሚያሞቀን ይሄ አይደል?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ የማይቀር ነው። ትልቅ ፍንዳታ ግን በአብዛኛው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። የፊሊፒንሱ ፒናቱቦ በ1991 ሲፈነዳ ወደ ላይኛው አየር የረጨው የድኝ ጋዝ የፀሐይን ብርሃን መልሶ ዓለምን በግማሽ ዲግሪ ገደማ አቀዝቅዟታል፤ ለአንድ ሁለት ዓመት ብቻ። የዓለም እሳተ ገሞራዎች በዓመት የሚያወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ሰው ከሚያወጣው አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም።

አንድ ጎበዝ ተማሪ ሁልጊዜ ይኖራል፦ «ፀሐይዋ ራሷ በርትታ ቢሆንስ?» ይላል። ለእሱ ጋቢ ይበቃዋል። ጋቢ ሙቀት አያመነጭም፣ ያላችሁን ሙቀት ይይዛል። እሳት ዳር ተቀምጣችሁ እሳቱ ቢበረታ የጋቢው ውስጥም ውጭም ይሞቃል። እሳቱ እንዳለ ሆኖ ጋቢ ብትደርቡ ግን ውስጡ ይሞቃል፣ የላይኛው ፊቱ ይቀዘቅዛል። ሳይንቲስቶች ለዐሥርት ዓመታት ሲለኩ ያገኙት ሁለተኛውን ነው፦ እኛ ያለንበት የታችኛው አየር ሲሞቅ ስትራቶስፌር የሚባለው የላይኛው ክፍል ቀዝቅዟል። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፀሐይን በሳተላይት የሚለኩትም የ11 ዓመት ከፍና ዝቅ እንጂ እየጨመረ የሚሄድ ጉልበት አላዩባትም። ጋቢው የቱ ነው ለሚል ደግሞ፣ ከኢንዱስትሪ በፊት በአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት ውስጥ 280 ገደማ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በ1958 ሃዋይ ላይ መለካት ሲጀመር 315 አካባቢ ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። (ኦዞን ተቀዶ ነው የሚለውን እዚሁ ላይ ተሰናበቱት። እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ችግር ነው፣ የሙቀቱ ምክንያት አይደለም።)

እስካሁን ያለው ቀላሉ ነው። የሚከብደው እና በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ብዙም የማናየው፣ ሰው ያደረሰው ጉዳት ሁሉ የአየር ንብረት ለውጥ አለመሆኑ ነው። የሐረማያ ሐይቅ ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት ሲደርቅ ብዙ ሰው «የአየር ንብረት ለውጥ» አለ። ነገር ግን በዙሪያው ለጫትና ለአትክልት መስኖ ውኃ ይሳብ ነበር፤ ለከተሞች መጠጥም ይሄድ ነበር፤ ከተራቆተው ኮረብታ የሚወርደው ደለልም ይሞላው ነበር። አብያታም እየሸሸ ያለው መጋቢዎቹ ወንዞች ለመስኖ ስለተጠለፉና ለሶዳ አሽ ማምረቻ ከራሱ ከሐይቁ ውኃ ስለተቀዳ ነው። በአንጻሩ መተሐራ አጠገብ ያለው በሰቃ፣ በዚያው ሞቃት ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ሆኖ፣ በ1960ዎቹ ከነበረበት ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ከ40 በላይ ሆኖ መንገድና ሐዲድ እስከ መብላት ደርሷል። ሙቀት ሐይቅ ያደርቃል ብሎ የሸመደደ ተማሪ በሰቃን ምን ሊለው ነው? እዚያ ዋናው ተጠርጣሪ ከመስኖ እርሻዎች የሚሰርገው ውኃ ነው፣ የከርሰ ምድር ሁኔታም ይጠቀሳል። ሐይቁን ያደረቀው የዓለም ሙቀት ነው ብሎ ሪፖርት መጻፍ ፓምፕ ከመቁጠር ይቀላል፤ ልጆቻችን ይህን ማምለጫ ከእኛ እንዳይማሩት እፈራለሁ።

ድርቁም እንዲሁ መለየት አለበት። በ2015 ዝናብ ሲጠፋና ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ዕርዳታ ሲሻ ዋናው ገፊ ኤል ኒኞ ነበር፣ ከፓሲፊክ የሚነሳ የተፈጥሮ መዋዠቅ። ከ2020 መገባደጃ ጀምሮ በደቡብና በምሥራቅ አርብቶ አደሩን ያራቆተው፣ ዝናብ በተከታታይ አምስት ወቅት የቀረበት ድርቅ ግን ሌላ ነው። የዓለም ሙቀት ባይጨምር ኖሮ ያን ያህል መክፋቱ እጅግ የራቀ ነበር፤ ያጠኑት ሳይንቲስቶች ቢያንስ መቶ እጥፍ የመከሰት ዕድሉን ጨምሮታል ይላሉ። ምክንያቱም የቀረው ዝናብ ብቻ አይደለም፣ የዘነበውንም ሙቀቱ ከአፈሩ ቶሎ ያተነዋል። ሁለቱም «ድርቅ» ናቸው፣ መዝገባቸው ግን አንድ አይደለም።

ሌላው የሚያሳስበኝ የቀኙ ዓምድ ለማን እንደሚነበብ ነው። እንጨት ተሸክማ ከምትመጣ እናት ቤት የወጣ ልጅ «የደን ጭፍጨፋ፣ የማገዶ ጭስ፣ ከብት» የሚለውን ሲገለብጥ የሚያየው የራሱን ግቢ ነው። ጥፋተኛዋ እናቱ ትመስለዋለች። ለዚህ መድኃኒቱ ስብከት ሳይሆን ማካፈል ነው። መንግሥት ባወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ መሠረት በ2010 ኢትዮጵያ ያወጣችው ሙቀት አማቂ ጋዝ 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነበር፣ ዓለም ደግሞ 50 ቢሊዮን አካባቢ። ልጁ ራሱ ያካፍለው፤ 0.3 በመቶ ያገኛል። ከዚያ አሜሪካ ብቻዋን እስከ ዛሬ ከነዳጅና ከድንጋይ ከሰል ከወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩቡን ያህል እንዳወጣች ንገሩት። ማገዶው ግን ነጻ አይወጣም። ኮረብታው ሲራቆት ምንጩ ይነጥፋል፣ አፈሩ ይታጠባል፣ ጭሱ የእናቱን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። ጉዳዩ የሰፈር ነው፣ የመላው ዓለም ክስ አይደለም።

በዚህ አጋጣሚ «ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶው የአገራችን መሬት በደን የተሸፈነ ነበር» የምትለውን ዓረፍተ ነገር ከማስታወሻችሁ ብትሰርዟት ደስ ይለኛል። ታሪክ አጥኚው ጄምስ ማካን በ1997 የተጓዦችን መዛግብትና ሌሎች ማስረጃዎችን አገላብጦ ቁጥሩ ጽኑ መሠረት እንደሌለው አሳይቷል። ደን አልቀነሰም አላለም፤ በየቦታው በተለያየ መንገድ እንደቀነሰ ነው ያለው። እኛ ግን እስከ ዛሬ በየመድረኩ እንደግማታለን።

«የእግዚአብሔር ቁጣ ነው» የሚልም አይጠፋም። አልከራከረውም፣ እምነቱንም አልንቅም፤ የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት በዙሪያቸው ዛፍ ባይጠብቁ ኖሮ ለተማሪ የምናሳየው አገር በቀል ደን በዚያ አካባቢ ባላገኘን ነበር። በምን መንገድ እንደሆነ እንየው ብቻ ነው የምለው፤ የእኔ ትምህርት ከዚያ ይጀምራል።

ስለዚህ ዘንድሮ የፈተናዬን ጥያቄ ቀይሬዋለሁ። አራት ጉዳይ እሰጣለሁ፦ የአራቱ ሐይቆች የጥንት ዳርቻ፣ ሐረማያ፣ የ2015 ድርቅ፣ የስትራቶስፌር መቀዝቀዝ። የእያንዳንዱ መንስኤ ምንድነው፣ በምን አወቅህ? ማርኩ የሚሰጠው ለሁለተኛው ነው። ለሚቀጥለው ዓመት የአካባቢያችንን የረጅም ጊዜ የዝናብና የሙቀት መዝገብ ልጨምርበት አስባለሁ። ከሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ወይም አቅራቢያችሁ ካለ ጣቢያ ለትምህርት ቤታችሁ መረጃ ያገኛችሁ መምህራን ካላችሁ፣ ደብዳቤው ለማን እንደሚጻፍና ስንት ዓመት ወደ ኋላ እንደሚሰጡ እዚህ ጻፉልኝ።