ቀጠሯችሁ መስቀል አደባባይ ከሆነ...

መቼም አዲስ አበባ ውስጥ ቀጠሮ የሚይዝ ወጣት ሁሉ መስቀል አደባባይን ያውቃል። «ሙዚየሙ ጋ ጠብቂኝ» መባባል የተለመደ ነው። እኔም ስንቴ እዚያ ተገትሬ ሰዓቴን ሳይ ኖሬያለሁ! ታዲያ «ለመሆኑ ውስጡ ምን አለ?» ብትሉኝ መልስ አልነበረኝም። ከዓመታት በፊት እጄን ይዛ ያስገባችኝ ከሐርቡ የመጣች አክስቴ ናት።

ሐርቡን ለማታውቁ፣ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ኮምቦልቻን አለፍ ብሎ መንገድ ዳር የተዘረጋች የቃሉ ቆላ ከተማ ናት። መንገደኛው ሙቀቷን ረግሞ ያልፋታል። አክስቴ ግን ከዚያች ከተማ የወጣችበት ቀን በጣት ይቆጠራል። ያን ጊዜም የወጣችው ለዓይኗ ሕክምና ነበር፤ ይዤያት እንድመጣ የተላክሁት ደግሞ እኔ።

በከሚሴ፣ በአጣዬ፣ በሸዋ ሮቢት አድርገን ደብረ ሲናን ስናልፍ ብርዱ ተቀበለን። ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ስንገባ አክስቴ ድንገት፣ «ወንድሜም በዚህ ነው ያለፈ» አለችኝ። ዝም አልኩ። ቤታችን ውስጥ የጠፋ አጎት እንዳለ አውቃለሁ። ስሙ ግን አይጠራም፤ «እሱ» ነው የሚባለው። ደሴ ወይዘሮ ስሂን ተምሮ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ሄዶ፣ በ1970 ዓ.ም እንደወጣ የቀረ ልጅ ነው።

ሕክምናው ካለቀ በኋላ፣ ልንመለስ አንድ ቀን ሲቀረን፣ «ያ የሞቱት ልጆች ፎቶ ያለበት ቤት የት ነው?» አለችኝ። በሬዲዮ ሰምታ ኖሯል። ለካ እኔ ሰው የምጠብቅበት ቦታ ነው! የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ይባላል፤ የተከፈተው በ2002 ዓ.ም ነው። ደጁ ላይ በሐዘን የተዋጡ የሦስት ሴቶች ሐውልት አለ። ልጆቿን ባንድ ሌሊት የተነጠቀች እናት ቃልም ተጽፏል። አክስቴ «አንብብልኝ» አለች። አነበብኩላት። ሻሿን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገችና ገባን።

ውስጥ ታሪኩ የሚጀምረው ከ1966ቱ አብዮት ነው። ያን አብዮት ካቀጣጠሉት ነገሮች አንዱ የኛው የወሎ ረሃብና መንግሥት ረሃቡን መደበቁ አይደል? የዚያን ዘመን ወጣት መሬት ላራሹ አለ፤ ሕዝባዊ መንግሥት፣ የመናገርና የመደራጀት መብት አለ። «ዴሞክራሲያ» የምትባል የኢሕአፓ የኅቡዕ ጋዜጣ ነበረች። እሷ ኪስ ውስጥ ከተገኘች መታሰር፣ መገረፍ፣ መገደልም ነበር። ኢሕአፓም በበኩሉ ከተማ ውስጥ ሰው ገድሏል፤ ይህም መነገር አለበት። ግን መንግሥት የሚያህል ነገር በገዛ ልጆቹ ላይ ሲዘምት የሚሆነው ሌላ ነው። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች የሰበረው እዚሁ አደባባይ ላይ ነው፤ ያኔ አብዮት አደባባይ ይባል ነበር። እኛ ማኪያቶ ልንጠጣ የምንቃጠርበት ቦታ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ከዚያ የፎቶዎቹ ግድግዳ ጋ ደረስን። ብዙዎቹ የኔ እኩዮች ናቸው፤ ጎፈሬያቸውን ያበጠሩ፣ ሸሚዛቸውን የተኮሱ። አክስቴ በታከመ ዓይኗ አንድ በአንድ፣ በጣቷ እየተከተለች አየች። የለም። ዳግመኛ አየች። የለም። አስጎብኚው ራሱ በዚያ ዘመን የታሰረ ሰው ነበር። ጠጋ ብሎ፣ «እናቴ፣ ፎቶው እጅዎ ላይ ካለ ያምጡልን» አላት።

«የለኝም» አለች። «በአሰሳው ጊዜ እናታችን እሳት ውስጥ ጨመረችው። እንዳያገኙት ብላ።»

ቀጥሎ ያለው ክፍል በመስተዋት ውስጥ የተደረደረ የሰው አጥንት ነው። አክስቴ እዚያ ቆመች፤ ሁለት እጇን ዘርግታ ዱዓ አደረገች። ስትጨርስ ፊቷን አበሰችና፣ «አብሽር ልጄ፣ አንዱ የኔ ነው። የኔ ባይሆን የሌላ እህት ነው» አለችኝ።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ስነግረው «እኛ አገር እኮ የዴሞክራሲ ሐውልት እንኳ የለም፤ ባንኮክ ግን አለ» አለኝ። እውነት ነው፤ ከተማዋ መሀል ባለ አራት ክንፍ ሐውልት አለ። የ1932 እ.ኤ.አ. የሥርዓት ለውጥ መታሰቢያ ነው። ያሠራው ግን ወታደር የሚመራው መንግሥት ነበር። ድንጋዩን የዴሞክራሲ ያደረጉት በጥቅምት 1973 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥት ይሰጠን ብለው እዚያ የተሰበሰቡት ተማሪዎች ናቸው፤ ከመካከላቸውም የተገደሉ አሉ። የኛው ደግሞ ቃሉ አልተጻፈበትም እንጂ፣ ቃሉን ኪሳቸው ይዘው የተገኙት ልጆች አጥንት ያለበት ነው።

ሐርቡ እንደተመለስን አክስቴ ሰደቃ አወጣች። ይመለሳል እየተባለ ስንት ዘመን የቆየ ሰደቃ! ጎረቤቱ እስላም ክርስቲያን ሳይል መጣ፣ ቡና ተፈላ፣ ዕጣን ጨሰ። አጎቴ በስሙ ተጠራ። ከዚያ አንዷ ባልቴት የራሷን ወንድም ጠራች፤ አንድ ሽማግሌም የልጅነት ጓደኛቸውን። ሐርቡ ላይ ሐውልት አልቆመም። የዚያን ዕለት ግን ስም ሲጠራ ዋለ።

እናንተዬ፣ ምክሬ አጭር ነው። ቀጠሯችሁ መስቀል አደባባይ ከሆነ አንድ ሰዓት ቀደም በሉና ግቡ። አጥንት ፊት ቆማችሁ ራሳችሁን ፎቶ አታንሱ። ስትችሉ ብቻችሁን ሳይሆን ከእናታችሁ፣ ከአክስታችሁ ጋር ሂዱ። ከሁሉ በፊት ግን ቤታችሁ ውስጥ «እሱ» ወይም «እሷ» የሚባል ሰው ካለ፣ ስሙን የሚያውቁት ሳያልፉ ጠይቁ። የኔ አክስት ባትጠየቅም ነግራኛለች። ሁሉም አክስት እንደሷ አይደለችም።